በውሰት የወጣው መካኒክ

አው ጣሂር መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ የድሮው ሾፌራችን ጉሌድ ከኋላዬ መጥቶ፣ «አልማዝ፣ ሰውየው ሄደ እኮ» አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኩትም። በእኛ መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው ነበር፤ «ሰውየው» የሚባለው ግን አንድ ብቻ ነበር።

በሬዲዮ አልተነገረም። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥትን ጭነት መኪና ከሞት ሲያስነሳ ለኖረ ሰው መሥሪያ ቤቱ የሐዘን መግለጫ ሊያወጣለት ይገባ ነበር፤ ግን መሥሪያ ቤቱም ቀድሞት ሞቷል። የጋራዡ ኃላፊ የነበረው ጓድ ኃይሉስ አልኩት። ጉሌድ ቲማቲሟን ከእጄ ወስዶ አገላብጦ እያየ፣ «እሱማ ደህና ነው፤ ጡረታውን ይበላል፤ ጤናውም ጥሩ ነው» አለኝ። ጥሩ መሆኑ አልገረመኝም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያደክመው ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

አው ጣሂርን «አንቱ» ሳልል ስለማወራ የሚቀየመኝ አንባቢ ይኖራል። ድሬዳዋ ነን። እኛ ዘንድ አንቱታ አይበዛም፤ እሱን ደግሞ አንቱ ካሉት ዞር ብሎ ከጀርባው ማን እንደቆመ ያያል። «አው» የሚለው የሐረሪዎች የታላቅ ሰው መጠሪያ ይበቃዋል። አጭር፣ ወፍራም፣ እጆቹ ከሰውነቱ የሚበልጡ ሰው ነበር። ሙያውን በልጅነቱ ባቡር ቤት ተምሮ፣ በደርግ ዘመን የእኛ ጋራዥ ዋና መካኒክ ሆነ። እኔ ታይፒስትና ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ስለዚህ እሱ መኪናውን ሲሠራ፣ እኔ መኪናው አለመሠራቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ እጽፍ ነበር።

ስድስት ቋንቋ ይናገራል። ሞተሩን በሶማሊኛ ይሰድበዋል፣ በኦሮምኛ ያባብለዋል፣ ሲያቅተው በዓረብኛ ይጸልይለታል፤ አማርኛ የሚያስፈልገው ሪፖርት ለማድረግ ነበር። የታመመ ሞተር ሲመጣለት ወዲያው መፍቻ አያነሳም። እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ በእጁ ጀርባ የሞተሩን ጎን ይዳስሳል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አዳዲስ ሠራተኞች ተኝቷል እያሉ ይስቁበት ነበር። ዓይኑን ሲከፍት የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ስለሚነግራቸው ሳቁ አይቆይም።

አንድ የሚያናድድ ልማድ ነበረው። ምንም ቢጠየቅ መጀመሪያ «የት?» ይላል። «አው ጣሂር፣ ይህ ጎማ ይበቃል?» «የት?» «ይህ ዘይት ይሆናል?» «የት?» ባለቤቱ ፋጡማ አንድ ቀን ጋራዥ መጥታ፣ «እኔን ታገባለህ ወይ ብለው ሲጠይቁትም 'የት?' ነው ያለው» ብላ ስታስቀን ውላለች። ግን ሰውየው እውነት ነበረው። የእኛ መኪናዎች በሁለት አገር ይሠሩ ነበር። ግማሾቹ ወደ ደወሌ ይወርዳሉ፤ አሸዋና ሐሩር ነው። ግማሾቹ ደንገጎን ወጥተው በቁልቢ በኩል ወደ ደጋ ይሄዳሉ። ደንገጎን የወጣ ያውቀዋል፤ ከእቶን ወጥተህ ጋቢ ያምርሃል።

አዲሶቹ መኪናዎች የመጡት ድርቁ በበረታበት ሰሞን ነው። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ከወዳጅ አገር። በሙዚቃና በመፈክር ተቀበልናቸው። ጓድ ኃይሉ በመኪናዎቹ ፊት ቆሞ ስለ ሞተራቸው ጥራት ግማሽ ሰዓት ተናገረ። እሱ ጋራዡን እንዲመራ ከመመደቡ በፊት የስፖርት መምህር ነበር፤ ስለ ሞተር የሚያውቀው ሲነሳ ድምፅ እንደሚያሰማ ነው። ንግግሩ ግን ጥሩ ነበር፤ እኔው ነበርኩ የጻፍኩለት።

መኪናዎቹ የተሠሩት በረዶ ለሚወርድበት አገር ነው። ናፍጣ በብልጭታ አይነሳም፤ ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ የጋለ አየር ነው የሚያቀጣጥለው። አየሩ ሲገባ በጣም ከቀዘቀዘ ሞተሩ ይለግማል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አየር በሚገባበት አፍ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ያለች የሽቦ ወንፊት አድርገውበታል። ሾፌሩ ቁልፉን ግማሽ ሲያዞር ወንፊቷ ከባትሪ ጉልበት ወስዳ ትግላለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት ትበራለች፤ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቆ ማስነሳት ነው። ድሬዳዋ ላይ፣ በቀትር፣ ይህን መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቡት። ጉሌድ፣ «እኔ በሩን በጨርቅ ይዤ እከፍታለሁ፣ እሷ ቁጭ ብላ በርዶኛል ትላለች» ይል ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ የጉሌድ መኪና ከደወሌ መንገድ ተጎትታ መጣች። ሞተሩ ተበልቷል። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጉሌድን ቀበሌ ወስደው አሰሩት። በዚያ ዘመን ሞተር በራሱ አይበላሽም፤ አንድ ሰው ያበላሸዋል፤ ስሙም «የኢኮኖሚ አሻጥር» ነው። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ማንም ስለ ጉሌድ ጮክ ብሎ አላወራም።

አው ጣሂር ብቻ ቱታውን ለብሶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። የሞተሩን ክዳን አወረደ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መጣና መሐረቡን ጠረጴዛ ላይ ፈታ። ውስጡ ሽምብራ የምታህል የቀለጠች ብረት ነበረች።

«ይህቺ ናት» አለ።

«ምንድን ናት?» አለ ጓድ ኃይሉ።

«የማሞቂያዋ ብሎን። የቆላው መንገድ እያንቀጠቀጠ አላላት። ስትላላ ጋለች፣ ስትግል ቀለጠች፣ ሞተሩ አየር ሲስብ ዋጣት። ፒስተኑ አናት ላይ ነው ያገኘኋት። ጉሌድ የለበትም።»

ጓድ ኃይሉ በሩ መዘጋቱን አየ። «አው ጣሂር፣ የወዳጅ አገር መኪና ጉድለት አለበት እያልክ ነው?»

«እኔ ብሎን ላላ ነው ያልኩት።»

«ብሎኑስ የማን ነው?»

አው ጣሂር ብረቷን እንደገና በመሐረቡ ጠቀለለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አልማዝ፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊ» አለኝ፤ «በሞተሩ ውስጥ ባዕድ ብረት ተገኝቷል።»

ጓድ ኃይሉ «ባዕድ» የምትለውን ቃል አጣጣማት። ወደዳት። ከየት አገር ነው ተብሎ የማይጠየቅ፣ ወዳጅ ግን ሊሆን የማይችል ብረት። ፈረመ። ጉሌድ በአራተኛው ቀን አንድ ጥርስ ጎድሎት ወጣ። ስለ ጥርሱ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

አው ጣሂር ግን ነገሩን አልተወውም። በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ እጁን አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ወደ ቆላ ከሚወርዱት አምስት መኪናዎች ማሞቂያዋ ትነሳ፣ ቀዳዳዋ በላሜራ ይደፈን። «እዚያ አየሩ ራሱ ማሞቂያ ነው፤ ለችግር ካልሆነ አትጠቅምም» አለ። ወደ ደጋ ከሚወጡት ከሰባቱ ላይ ግን ትቆይ፤ ብሎኖቿ በየጉዞው ይታዩ።

ኮሚቴው ተጨነቀ። አጀንዳው «ማሞቂያ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» ነው የሚለው፤ ይህ ሰው ደግሞ ሁለቱንም መለሰ።

«ቁርጡን ተናገር» አለው ጓድ ኃይሉ። «አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መስመር ሊኖረው አይችልም።»

«አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መንገድ ግን አለው» አለ አው ጣሂር።

ማሞቂያዎቹ ባሉበት እንዲቀጥሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ ስል አው ጣሂርንም ጨምሮ ነው፤ እጁን ቀና አድርጎ አወጣ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከአምስቱ የቆላ መኪናዎች ማሞቂያዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በጆንያ ጠቅልሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጀርባ አስቀመጠ። በመስኮቴ አየሁት፤ እሱም ማየቴን አየ። ብርቱካናማዋን መብራት ብቻ አልነካትም። ስትበራም ስትጠፋም የምታሞቀው ነገር የለም። ለምን እንደተዋት ስጠይቀው፣ «ጓድ ኃይሉ የሚያየው እሷን ነው፤ አይክፋው» አለኝ።

አምስቱ መኪናዎች ያለ ማሞቂያ እየተነሱ ወራት ሠሩ። ማንም ልብ አላለም።

ነሐሴ ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ጓድ ለጉብኝት መጣ። ካኪው በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ወደ ደጋ ከሚወጡት መኪናዎች አንዷ ላይ ወጥቶ ብርቱካናማዋን መብራት አየና ምንድን ናት አለ። ነገሩት። ሳቀ። «በዚህ ሙቀት ማሞቂያ?» አለና እንደገና ሳቀ። ያቺ ሳቅ መመሪያ ሆነች። ጓድ ኃይሉ በማግስቱ ሰብስቦን፣ የድሬዳዋን አየር ያላገናዘበ መሣሪያ ተሸክመን መኖራችን ንቃተ ህሊናችን ዝቅ ማለቱን እንደሚያሳይ ገለጸልን። እስከ አብዮት በዓል ድረስ የአሥራ ሁለቱም መኪናዎች ማሞቂያ ተነቅሎ፣ በቀይ ጨርቅ በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ፣ «የሠራተኛው የፈጠራ ውጤት» ተብሎ ለእይታ እንዲቀርብ ወሰነ።

አው ጣሂር ተነሳ። «ከአምስቱ ይነሳ። ከሰባቱ አይነሳም።»

«ባለፈው ይነሳ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለው ጓድ ኃይሉ። «ዛሬ ደግሞ አይነሳም ትላለህ። ሁለት ምላስ ነው ያለህ?»

«ስድስት ነው ያለኝ» አለ አው ጣሂር፤ «በስድስቱም ብትጠይቀኝ መልሱ ያው ነው። ኅዳር ላይ ደጋው ይበርዳል። ባትሪዎቹ አርጅተዋል። መኪናዎቹ አይነሱም።»

«እህል ጭነን የምንሄደው ሕዝብ ለማዳን ነው፤ ስለ ብርድ የሚያወራ ሠራተኛ አንፈልግም።»

«እኔም ስለ እህሉ ነው የማወራው» አለና ተቀመጠ። ሰባቱን አልነቅልም አለ። ሌሎች ሁለት መካኒኮች ነቀሉ። ሰሌዳው አምሮ ነበር፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ከቆላዎቹ አምስት መኪናዎች ቀድሞ የተነቀሉት ማሞቂያዎች በጆንያቸው ሲገኙ ማንም አልተገረመም፤ አው ጣሂር መመሪያው ከመውጣቱ በፊት መመሪያውን የፈጸመ ሠራተኛ ተብሎ ሊመሰገን ሲገባው፣ «ከመመሪያ በፊት» የምትለዋ ቃል ተይዛ በውይይት ክበብ ላይ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ።

ያን ዓይነት ግለ ሂስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ቱታውን እንደለበሰ መድረኩ ላይ ወጣ።

«ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ» አለ። «ድሬዳዋና ቁልቢ አንድ አየር እንዳላቸው ሳይወሰን በፊት፣ እኔ ሁለት ናቸው ብዬ ተናግሬአለሁ። ከእንግዲህ ቁልቢ ደርሼ ቢበርደኝም ለማንም አልናገርም።»

አዳራሹ ሳቀ። መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ሁሉም። ጓድ ኃይሉ ፊቱ ሲለወጥ ነው ሳቁ የቆመው። ለንግግሩ ይቅር ይሉት ነበር መሰለኝ፤ ለሳቁ ግን አላለፉትም። ከሰዓት ሁለት ሰዎች በመኪና መጡና ቃሉን ለመቀበል ብለው ወሰዱት። ቃሉን ለመቀበል ወራት የሚፈጅባቸው ሰዎች ነበሩ። ፋጡማ በየቀኑ ምሳ ይዛለት ትሄዳለች፤ ሳህኑ ባዶ ሲመለስላት አለ ማለት ነው። ቤተሰብ በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር የሚያውቀው።

መስከረም አለፈ። ምንም አልሆነም። ጥቅምትም አለፈ። ጓድ ኃይሉ በየሰኞው ስብሰባ፣ «ታዲያ ያ ብርድ የት ገባ?» እያለ ይቀልድ ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ፤ አልዋሽም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሰባቱ መኪናዎች የእርዳታ እህል ጭነው ወጡ። ከቁልቢ አልፈው ደጋው ሜዳ ላይ ኬላ ተዘግቶባቸው አደሩ። ሲነጋ ጉሙ ከመኪናዎቹ አፍንጫ ላይ አልነሳም ነበር፤ ሣሩም አመዳይ ለብሷል። ቁልፍ አዞሩ። ሞተሮቹ አንድ ሁለቴ አቃሰቱና ዝም አሉ። ደግመው ሞከሩ፤ ባትሪዎቹ ሞቱ። ቁልቁለት ላይ አንከባልሎ ማስነሳት እንኳ አልተቻለም፤ ሞተር ካልሠራ የፍሬን አየር የለም፣ የፍሬን አየር ከሌለ ጎማው አይለቀቅም። ከእስሩ ወዲህ ወደ ደጋ መኪና የተዛወረው ጉሌድ እንደ ድሮ ሾፌር ጨርቅ በናፍጣ ነክሮ ለኩሶ የአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ያዘ። እሳቱ ተመልሶ ሁለቱን እጆቹን ላጣቸው።

ከኬላው ስልክ ተደወለ። ጓድ ኃይሉ ማሞቂያዎቹን የነቀሉትን ሁለት መካኒኮች ላከ። እነሱም ደውለው መኪናዎቹ በርዷቸዋል አሉ። ይህን ግኝት ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ።

ከኬላው ማዶ እህሉን የሚጠብቀው የእርዳታ ጣቢያ ሠራተኛ በየሰዓቱ ይደውል ነበር። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ይቆጣ ነበር። ስንት ሰው እንደተሰለፈ ይነግረኛል፣ መቼ ነው የሚመጡት ይለኛል። በሁለተኛው ቀን መቆጣቱን ተወ። «እሺ» ብሎ ብቻ ይዘጋል። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ጓድ ኃይሉንም አስፈርቶት መሆን አለበት። እህሉ ካልደረሰ ከበላይ የሚመጣው ጓድ በዚህ ጊዜ እንደማይስቅ ያውቃል። ከሰዓት ጠራኝና ፊቴን ሳያይ፣ «ለማረሚያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፊ፤ ያን ሰውዬ ለሥራ እንዲሰጡን» አለኝ።

እኛ መሥሪያ ቤት ዕቃ ከሌላ መሥሪያ ቤት ስንበደር የምንጠቀምበት የተዘጋጀ ደብዳቤ ነበረን። ሌላ አርአያ ስላልነበረን እሱኑ ተጠቀምን። «ከዚህ በታች የተገለጸውን በውሰት እንዲሰጠን» ይልና ከታች «ታሳሪ፣ መካኒክ፣ አንድ» ይላል። የመመለሻ ቀን ቦታም አለው። ማረሚያው ደግሞ በበኩሉ አንድ አንቀጽ እንዲጨመርና ዋስ እንዲፈርም ጠየቀ። በስልክ እየነገሩኝ መታሁት።

ታይፒስት የምትጽፈውን ታነባለች ብሎ የሚያስብ ሰው ታይፕ መትቶ የማያውቅ ነው። ጣቶች ናቸው የሚያነቡት፤ እነሱም አያስታውሱም።

ዋስ የሚሆን ሲፈለግ ጓድ ኃይሉ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም ወገቡን አመመው። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አው ጣሂርን የሚያጅበው ፖሊስ፣ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ በር ላይ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ደብዳቤውን ይጠብቃል። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ የእርዳታ ጣቢያው ሰው መሆኑን ስለማውቅ ማንሳት አልቻልኩም። ብዕሩን አንስቼ ፈረምኩ። ጀግንነት አልነበረም፤ ስልኩ እንዲቆም ነበር የፈለግኩት።

ተራራው ላይ የሆነውን አላየሁም። የነገረኝ ጉሌድ ነው፤ እጆቹ ተጠቅልለው እዚያው ነበር።

አው ጣሂር ሲመሽ ደረሰ፤ ከሰሌዳው የወረዱትን ማሞቂያዎችና የተሞሉ ባትሪዎች ይዟል። ከስቷል፤ ቱታው ሰፍቶታል። ገና ሲነጋ ጀመረ። ጣቶቹ ደንዝዘው ብሎን ይወድቅበት ነበር፤ እየተንበረከከ ከሣሩ ውስጥ ይፈልጋል። እያንዳንዷን ብሎን በሁለት ዳዶ አሰረ፣ በላዩ ሽቦ ጠመጠመ፣ እንዳትላላና ሞተር እንዳትገባ። የመጀመሪያዋ መኪና ላይ ወጥቶ ቁልፉን ግማሽ አዞረ። ብርቱካናማዋ በራች። ሾፌሮቹ ሁሉ በመስኮት እሷን ያዩ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ጠፋች። አስነሳ። ሞተሩ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። ረፋድ ላይ ሰባቱም ይሠሩ ነበር። የጉሌድን መኪና ሁለቱ መካኒኮች ይዘው ሄዱ፤ እህሉ ከሰዓት ደረሰ። የእርዳታ ጣቢያው ሰው ደውሎ «ደረሰ» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ ሜዳው ላይ የቀሩት አው ጣሂር፣ ሃምሳ አለቃውና ጉሌድ ናቸው። ጉሌድን ወደ ድሬ የሚወስደው የአጎቱ ልጅም መጥቶ ነበር፤ ባዶ መኪና ይዞ በድሬ በኩል ወደ ደወሌ የሚወርድ። ሃምሳ አለቃው መኪናውን አየ፣ አው ጣሂርን አየ፣ ቀበቶውን አስተካከለ።

«እኔ ሆዴን አሞኛል» አለ። «ከዚያ ከቁጥቋጦው ማዶ እሄዳለሁ። ቶሎ አልመለስም።»

ጉሌድ እንደነገረኝ ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ወደ አው ጣሂር ሮጠ።

«ወርያ፣ ውጣ! ነገ ደወሌ ነህ፤ ከዚያ ጅቡቲ። ዘመዶቼ አሉ፤ ፋጡማን በኋላ እናመጣታለን። ወላሂ ይህ ዕድል አይደገምም።»

አው ጣሂር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። «ማን ነው የፈረመልኝ?» አለ።

«አልማዝ ናት አሉ። አሁን ይህ ምን ያደርግልሃል? ውጣ!»

ላንድሮቨሩ ወንበር ላይ የነበረውን ደብዳቤ አንስቶ አነበበው። አማርኛ ማንበብ ላይ ቀርፋፋ ነው፤ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ ተከተላት። ከታች ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ላይ ተመልሶ አንዲቷን አንቀጽ ደገማት። ከዚያ አጥፎ ወደ ቦታው መለሰው።

«ይህቺ ልጅ ያነበበችው አይመስለኝም» አለ። ላንድሮቨሩ ጀርባ ወጥቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ።

ሃምሳ አለቃው ሲመለስ እዚያው አገኘው። ተናደደ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እያለ እስከ ደንገጎ ድረስ ሲቆጣው እንደወረደ በኋላ ለጉሌድ የነገረው ራሱ አው ጣሂር ነው። እስረኛው ባለማምለጡ የተቆጣ ፖሊስ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ከማረሚያው በማግስቱ ደብዳቤ መጣ። «በውሰት የወሰዳችሁት በመልካም ሁኔታ መመለሱን እናረጋግጣለን» ይላል። ፋይል ውስጥ ላስገባው ስል የእኛን ደብዳቤ ካርቦን ቅጂ አገኘሁና ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አነበብኩት። «ታሳሪው በተባለው ቀን ያልተመለሰ እንደሆነ፣ ዋሱ ጉዳዩ እስኪጣራ በምትኩ ተይዞ ይቆያል።» ከሥሩ ፊርማዬ አለ፤ ፊርማዬ ደግሞ ያምራል። በዚያ ዘመን ጉዳይ እስኪጣራ ማለት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ቤት ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሹ ገና አልቆመም። ቅጂውን ወደ ፋይሉ መለስኩት። ጉሌድ ፋሻውን ሊያስቀይር መጥቶ ሜዳው ላይ የሆነውን የነገረኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ጓድ ኃይሉ በዚያ ወር አንድ ጥናት አቀረበ። ርእሱ «ማሞቂያን በአየር ጠባይ ከፋፍሎ የመጠቀም አዲስ አሠራር» ይላል። ለቆላ መኪናዎች አያስፈልግም፤ ለደጋ መኪናዎች ያስፈልጋል፤ ብሎኖቹም በየጉዞው ይታዩ። የምስክር ወረቀት ተሸለመ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ይህኛውን አንብቤዋለሁ።

አው ጣሂር ጥር ላይ ተፈታ። ግባ እንደተባለ ሁሉ ውጣ ተባለ፤ ለምን እንደገባም ለምን እንደወጣም የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ቱታውን ለብሶ መጣ። ማንንም አልወቀሰም፤ ጓድ ኃይሉ እጁን ዘርግቶ ሲቀበለውም በዘይት እጁ ጨበጠውና ሄደ። ፋጡማ ጎረቤቶቿን አብልታ አጠጥታ ነበር፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከደጋዎቹ መኪናዎች ሥር ነበር።

እኔ ለወራት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሌሊት ሌሊት እያስተካከልኩ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሰዓት መስኮቴ ጋ መጥቶ እጅ መጥረጊያ ጨርቅ የሚጠይቅበትን ቅጽ ሲያቀብለኝ ጀመርኩ።

«አው ጣሂር፣ ያን ቀን ተራራው ላይ...»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ታይፕ መምቻውን አየ፤ ብዕሩንም አየ።

«አልማዝ፣ ከእንግዲህ ሳታነቢ አትፈርሚ» አለኝ። ቅጹን ተቀብሎ ሄደ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ እስከ ሞተ ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ቃሉን ጠብቄአለሁ። ከዚያ ወዲያ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ አንድም ወረቀት ሳላነብ አልፈረምኩም። በዚህም ምክንያት እድገት አግኝቼ አላውቅም።